በዚህ ሰፈር ኢፋ የሚባል የለም

አዳማ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለኮኬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ካላየ አያማርርም። ደብዳቤሽን ሹፌሩ ማናሴ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ነው የወረወረልኝ። «እትዬ ተሻለች፣ እኔ እህል ጫኝ ነኝ ወይስ ፖስታ ቤት?» አለኝ። «እህሉ ቢጠፋ ለእርዳታ ማኅበሩ ትጠየቃለህ፤ ደብዳቤው ቢጠፋ ግን ለእኔ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ገብቶታል። ስልኩማ ለጭነት ነው። ያንቺ ኔትወርክ ጉብታው ላይ ካልወጡ አይገኝ፤ ሲገኝም «ሃሎ! ስንት ኩንታል?» ተባብለን ይቆረጣል። የሰው ወሬ ደግሞ እንደዚያ አይወራም።

ጥያቄሽ አሳፍሮኛል። ቤቱን ከነዕቃው ጎርፍ ለወሰደበት ሰው ያልተፈጨ ስንዴ መላክ ምን ይሉታል? እኛ እዚህ ጆንያው እስከ ጣሪያ ሲደረደር አይተን «ተመስገን» ተባባልን እንጂ፣ እዚያ በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወፍጮ አለ ወይ ያለ ሰው አልነበረም። ለመጋዘን ኃላፊያችን ለሰይፈሚካኤል ብነግረው «ለማስፈጫ የተያዘ በጀት የለም» አለኝ። በጀት! ጃንጥላዬን ይዤ ወፍጮ ቤቶቹን ዞርኩ። የመጀመሪያው ሲያመነታብኝ ለሁለተኛው «ጎረቤትህ እሺ ብሏል» አልኩት። ለሦስተኛው የሁለቱንም ስም ጠራሁ። ወደ መጀመሪያው ስመለስ እሱ ራሱ ተቆጣኝ፤ «እኔን ዘለሽ እነሱ ዘንድ?» ብሎ። አዳማ እንዲህ ናት ኮኬ፤ ደግነት እንኳ በፉክክር ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣልሽ ዱቄት ነው። ዘይቱ ግን ገና ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ታገሺኝ።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ።

ጋሽ ኑሬን አታውቂያቸውም። ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ የአርሲ ሰው ናቸው፤ በመጋዘናችን የጆንያ አፍ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ መንገድ ባይችሉም እጃቸው አልደከመም። የሚደርስሽ ጆንያ ሁሉ በእሳቸው መርፌ የተዘጋ ነው። ልጃቸው ኡበይደላ ከጅቡቲ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነው። አምና ጂቱ የምትባል እንደ ወለላ ማር የሆነች ልጅ አገባ። (አንቺን ለሠርጉ ብጠራሽ «ፈተና አለብኝ» ብለሽ የቀረሽበት ነው። አልረሳሁትም።) ጂቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ ወጉ ነው። የእናቷ መንደር ደግሞ ያ ወንዙ የበላው መንደር ሆኖ ተገኘ።

ውኃው የመጣ ዕለት ሴቶቹን በትራክተር ተሳቢ ጭነው ወደ ነገሌ፣ እናንተው ዘንድ አሻገሯቸው አሉ። እናቷ ማዶ ቀረች፤ ድልድዩ ሄዷል፤ «ልጄ ከነሆዷ ተሳቢው ላይ ስትወጣ አይቻለሁ» ከማለት በቀር የምታውቀው የለም። ከዚያ ወዲህ የጂቱ ስልክ አይሠራም፤ ድምጿ የለም።

ኡበይደላ ይህን አያውቅም። መኪናው ጅቡቲ ተበላሽቶ ዕቃ እየጠበቀ ነው። ማታ ማታ እየደወለ «ጂቱስ?» ይላል። ጋሽ ኑሬም «እናቷ ዘንድ ኔትወርክ የለም፤ ደህና ናት» ይሉታል። ሰውየው በዕድሜያቸው ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። ስልኩን እንደዘጉ መርፌያቸውን ያነሣሉ።

ስለዚህ ልጄ፣ ከሥራሽ ላይ ሥራ ልጨምርብሽ ነው። «የኡበይደላ ኑሬ ሚስት» ብለሽ አስጠሪልኝ። የሠርግ ፎቶዋን ልኬልሻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ቀለም መሐል ጂቱ ናት ብላ እናቷም አትምልም እንጂ።

የሰፈር ወሬ አልቀረልሽም፦ ዛሬ ጠዋት አንድ የእህል ደላላ በባጃጅ መጥቶ «የኢፋን ቤት አሳዩኝ» እያለ ሰፈሩን ሲያውክ ነበር። «በዚህ ሰፈር ኢፋ የሚባል የለም፤ ምናልባት ከገበያው ጀርባ» ብዬ ሸኘሁት። የማያውቁትን ሰው ቤት በባጃጅ ሲፈልጉ መዋል፣ ገንዘብ ቢተርፋቸው ነው።

ራስሽን እንቅልፍ እንዳትነፍጊው።

አክስትሽ ተሻለች


አርሲ ነገሌ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተሻለች፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ለጉልበትዎ ማናሴ ጋር ቅባት ልኬያለሁ፤ ከዘካርያስ እናት ነው፣ ይሸታል ግን ይሠራል። ዘካርያስ ማለት መዝጋቢያችን ነው፤ የነገሌ ልጅ። «ማነው እሱ?» እንዳይሉኝ ቀድሜ ነገርኩዎት።

ዱቄቱ ደረሰ! የመጀመሪያው ጆንያ ሲፈታ የነበረውን እልልታ ቢሰሙት ጉልበትዎ ራሱ ይነሣ ነበር። ዘካርያስ እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ «እትዬ ተሻለች የሚባሉት ሴትዮ ሚኒስትር ናቸው እንዴ?» አለኝ። «ከዚያም በላይ ናቸው» አልኩት። በዚያን ቀን ማታ በየክፍሉ ደጃፍ ገንፎ ተገነፋ።

የላኩልኝን ነገር በተመለከተ፣ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ሁለት መጠለያ ነው ያለን። አንዱ ይህ ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ነው። የራሽን ካርዱ ላይ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው። ዘካርያስ ሁለቱንም አገላበጠ፤ «ኡበይደላ ኑሬ» የሚል ካርድ የለም። እኔ ደግሞ በዚህ በትምህርት ቤቱ በድምፅ ማጉያ አስጠራሁ። መልስ የለም። «ጂቱ የምትባል» ብል ሦስት ጂቱ መጡልኝ። አንዷ አያት ናቸው። አንዷ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሦስተኛዋ «ባሌ ኡበይደላ አይባልም፤ ግን ሹፌር ከሆነ ልታገሠው እችላለሁ» አለች፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ፎቶውን ሲያዩ ደግሞ «ይህቺ በቴሌቪዥን የምትታየዋ አይደለችም እንዴ?» ይሉኛል።

ማሠልጠኛው ዘንድ ራሽኑን ሁሉም ሰው አይሰለፍለትም፤ ለየቡድኑ መሪ አለው፣ መሪው ለሌሎቹ ይቀበላል። ከመሪዎቹ አንዷ እማማ እልፍነሽ ናቸው፤ አራሶቹ በእሳቸው ሥር ናቸው። «የኡበይደላ ኑሬ ሚስት እርስዎ ዘንድ አለች?» ብዬ ብጠይቃቸው ካርዶቻቸውን አንድ በአንድ ለዘካርያስ አስነብበው «የለችም ልጄ» አሉኝ።

እዚያው ሳለሁ የገጠመኝን ልንገርዎት፤ እርስዎን ደስ ይልዎታል። ዘይቱ መዘግየቱን ለእማማ እልፍነሽ እያስረዳሁ «ኑሮ ተወደደ፣ የጭነት ዋጋ ጨመረ» ስል ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት አራስ በአማርኛ «እውነትሽን ነው እህቴ፤ ቀን መግፋት ተወደደ» አለችኝ። ቀን መግፋት! ሙሉ ቀን አፌ ላይ ቀረ። «ብቅ በሉ እንጂ፣ ደጅ አትቁሙ» ብላ ጋበዘችን፤ የምታቀርበው ነገር ሳይኖራት። ልገባ ስል ማናሴ ጡሩምባውን ነፋብኝ፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄድኩ።

ጋሽ ኑሬን ምን ብዬ እንደማጽናናቸው አላውቅም። ሌላም የሰማሁት ነገር ነበር፤ እሱን ግን አልጽፈውም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ማውራት አልፈልግም። ጂቱ ምልክት ካላት፣ ጠባሳም ይሁን ሌላ፣ እባክዎ ይጻፉልኝ።

የዘይቱን ነገር አደራ። በተለይ ለአራሶቹ።

ልጅዎ ኮከብ


አዳማ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኮኬዬ፤

ያልጻፍሽውን አነበብኩት። «እሱን ግን አልጽፈውም» ብለሽ የዘጋሽውን መስመር ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት፤ ለጋሽ ኑሬ ሳነብላቸው ግን ዘለልኩት። እሳቸውም ዘለልሽ አላሉኝም። ሲሰፉ ቆዩና «ልጅቷ ጽሑፏ ያምራል?» አሉኝ። «ያምራል» አልኳቸው። «የምታምር ጽሑፍ ክፉ ነገር አትደብቅም» አሉ። እኔ ምን ልበል? አዎ አልኩ።

ትናንት ማታ ኡበይደላ ደውሎ መኪናው ተሠርቷል፣ በቅርብ ቀን እገባለሁ አለ። ደስታ መሆን የነበረበት ነገር ቤታችን ውስጥ እንደ መርዶ ወደቀ። አባትየው «በሩን ከፍቶ ሲገባ ምን ብዬ እቀበለዋለሁ?» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆንያ ጠማማ ሰፍተው አየሁ።

የዘይቱ ወረቀት አልቋል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዘይት፣ ጨውና ለአራሶቹ አልሚ ዱቄት ይመጣልሻል። ሰይፈሚካኤል አልሚውን ዱቄት ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ሊጭነው ሲል ደርሼ «ይህ ለብቻው ነው፤ አናቱ ላይ» አልኩት። ከመስቀል በፊት መድረስ አለበት ብዬ ማናሴን ደመራ እንኳ ሳያይ ሰደድኩት፤ ቢያኮርፍ አንቺ ቻይልኝ።

የጠየቅሽኝን ምልክት በተመለከተ፤ ጠባሳ የላትም። ቁመቷም መልኳም የዚያ አገር ልጅ ሁሉ መልክ ነው፤ ቆንጆ፣ ጠይም፣ ጥርሷ ትንሽ ፍንጭት። ይህን ብዬ ብልክልሽ ግማሹን መጠለያ ነው የምትሰበስቢልኝ። ምልክቷ አንደበቷ ነው። ልንገርሽማ፣ እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ የሳቅኩበት ነው።

በእነሱ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ነውር ነው፣ እንደ መሳደብ ያለ። ስሙን ብቻ መሰለሽ? ስሙን የሚመስለውንም! አማቷ ኑሬ ናቸው፤ ስለዚህ ጂቱ «ኑ» ብሎ የሚጀምር ቃል ከአፏ አይወጣም። በኦሮምኛ ስትሆን መላ አላት፤ ጉዱ በአማርኛ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ልኬ «ኑግ ግዥልኝ» ብላት ጥቁር አዝሙድ ይዛ መጣች። ለካ ባለሱቁን «ያንን ጥቁሩን ስጠኝ» ብላው ነው! ሰው ስትጠራ «ኑ» አትልም፤ «ብቅ በሉ» ነው የምትለው። አንድ እግሩን ከቤት ያስገባውን ሰው ሁሉ «ብቅ በሉ»። ይባስ ብሎ እዚህ አገር ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ የሚለው «ኑሮ ተወደደ» አይደለም? እሷ እሱንም አትልም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ኑሮ፣ ኑሮ ሲል እሷ ቀስ ብላ «ቀን መግፋት ተወደደ» ትላለች። ጋሽ ኑሬም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ፈገግ ይላሉ። ሦስት ቤት ቆጥረሽ…

ቆይ።

ኮኬ፣ ያንቺን ደብዳቤ እንደገና አውጥቼ አነበብኩት። ማናሴ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ያቺ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ሴት ምን ነበር ያለችሽ? ለጋሽ ኑሬ ምንም አልተናገርኩም። ሂጂ። ሳትመግቢም ሳትበዪም ሂጂ።

ተሻለች


አርሲ ነገሌ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ተሻለች፣ ለዓይኔ፤

በስልክ የጮህኩት እኔ ነኝ። «ተገኘች!» ብዬ መስመሩ ሲቆረጥ «በሕይወት» የሚለውን እንዳላልኩ ትዝ አለኝ፤ ጉብታው ላይ እየዘለልኩ ኔትወርክ ስፈልግ ዘካርያስ ትከሻዬን ይዞኝ ነበር፣ እንዳልወድቅ። (ለዚያ ብቻ ነው።) ሁለተኛው ጥሪ እስኪገባ ድረስ እዚያ ቤት የሆነውን እግዜር ይወቀው። ይቅር በሉኝ።

ዝርዝሩን በስልክ አልነገርኩዎትም፤ እነሆ።

ደብዳቤዎን ዘይቱ ሲራገፍ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «ጥቁር አዝሙድ» ላይ ስደርስ እየሳቅኩ ነበር። «ቀን መግፋት» ላይ ስደርስ ተነሣሁ። ዘካርያስን በሞተር ሳይክሉ ወደ ማሠልጠኛው ውሰደኝ አልኩት። እማማ እልፍነሽ ደጃፉ ላይ ክክ ይለቅማሉ። «የዚያች የአራሷ ካርድ የታለ? የባሏ ስም ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ኡበይደላ ኢፋ» አሉኝ። «ያንቺ ኡበይደላ የኑሬ ነው ብለሽኛል፤ ይሄ የኢፋ ነው። ዓለም ላይ አንድ ኡበይደላ ብቻ ነው ያለው እንዴ?»

ዘካርያስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ኢፋ ማለት በኦሮምኛ ብርሃን ነው» አለኝ። «ኑርስ? ኑር በዓረብኛ ምንድን ነው? እሱም ብርሃን ነው! ስመዘግባት የባልሽ አባት ማነው ብላት አሰብ አድርጋ ኢፋ አለችኝ። እኔም ጻፍኩት። እናቴ አያቴን ‹ያ ትልቅ ሰውዬ› እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ልጅ ሳለሁ ስሙ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ እንዴት ሳይገባኝ ቀረ?» ግንባሩን ሲመታ እማማ እልፍነሽ «በቃ ልጄ፣ ራስህን ለነገ አስቀምጠው» አሉት።

በመጋረጃው ደጅ ቆሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እህቴ፣ ጂቱ ነሽ? የጋሽ ኑሬ ምራት?» አልኩ። መጋረጃውን ስገልጠው ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ተኝታለች። ሴት ልጅ ናት እትዬ። የተወለደችው በዚያው በተሳቢው ላይ ነው፤ እማማ እልፍነሽ ናቸው ያዋለዷት፤ ገና የነገሌን መብራት ሳያዩ።

አሁን የከበደውን ልጻፍ። ጂቱ ስልኳ ውኃ ውስጥ ስለቀረ፣ ቁጥሩንም በቃሏ ስላልያዘችው፣ ወደ አዳማ ለሚሄድ አንድ የእህል ደላላ መልእክት ሰጥታ ነበር። «የኢፋን ቤት ጠይቅ» ብላው፤ ቤት የሚጠየቀው በአባወራው ስም ነውና። ሰውየው ተመልሶ «ሰፈሩን አገኘሁት፤ አንዲት ሴትዮ ግን በዚህ ሰፈር ኢፋ የሚባል የለም ብለው መለሱኝ» አላት። እሷ ምን መሰላት? «ሴት ልጅ መውለዴን ሰምተው፣ ወይም ባዶ እጄን መቅረቴን አይተው፣ አናውቃትም አሉ» ብላ አሰበች። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም። ራሽኗን እየተቀበለች ተቀመጠች። ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች እኔና እርስዎ እናውቃለን። ለጂቱ ግን አልነገርኳትም፤ እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ባለፈው የደበቅኩዎትንም አሁን ልንገርዎት እችላለሁ። ወንዙ ከወሰዳቸው ሰዎች መካከል ጂቱ የምትባል አለች ተብዬ ነበር። ሌላ ሴት ናት። ነፍሷን ይማር፤ ለእሷም የሚያለቅስ ቤት አለ።

ሕፃኗ ስም የላትም። «ስም የሚያወጣው የቤታችን ትልቅ ሰው ነው» ብላ እስካሁን ጠብቃለች፤ የሚቀበላት ቤት እንዳለ እንኳ ሳታውቅ። ለጋሽ ኑሬ የምታስተላልፈው መልእክት ካለ ብዬ ብጠይቃት ይህን አለች፦ «የጆንያውን ስፌት ሳይ የእሳቸው እጅ ይመስላል እያልኩ ክሩን አልጥልም ነበር በይልኝ።» ትራሷ ሥር አሳየችኝ፤ አንድ ጭብጥ ቀይ ክር።

አልሚው ዱቄት ደርሶ ለአራሶቹ ሁሉ ታድሏል። ጂቱ የራሷን ስትቀበል አፉ ጠማማ የተሰፋ ጆንያ አይታ «ታመዋል እንዴ?» ብላ ደነገጠች። «አልታመሙም፤ አንቺን ሲፈልጉ ነው» አልኳት።

ልጅዎ ኮከብ


አርሲ ነገሌ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፤

ይህን ወረቀት የምትሰጥዎት ጂቱ ናት። አርባዋን ጨርሳለች። ኡበይደላ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ነው፤ ጉምሩክ ላይ ሰንብቶ አዳማ የገባ ዕለት አባቱ እውነቱን ቢነግሩት ልብሱን ሳይቀይር ነው የመጣው። «አባቴ ዋሽቶ አያውቅም ነበር» እያለ ግማሹን ይቆጣል፣ ግማሹን ይስቃል፤ ልጁን ሲያቅፍ ግን ቁጣው ይጠፋበታል። ማናሴ ባዶውን ስለሚመለስ ጋቢና ውስጥ ይጭናቸዋል፤ «ደብዳቤ ብቻ መሰለኝ፤ አሁን ደግሞ አራስ» ብሏል። ቀስ ብሎ እንዲነዳ አስምዬዋለሁ።

አንድ ነገር ላስታውቅዎት፤ ደስ ይልዎታል። ዘካርያስ ካርዶቹን በሙሉ እንደገና አየ። አሁን ሚስትየዋን «የአማትሽ ስም ማነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጎረቤቷን ወይም ልጇን ነው የሚጠይቀው። በዚህ መንገድ ዘመድ ሲፈልጋቸው ስማቸው ያልተገኘ ሌሎች ሴቶችም ተገኙ። አንደኛዋን አባቷ የሚፈልጋት እዚሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ተፈላለጉ። ሲገናኙ ማየት አልቻልኩም፤ ዞሬ ዱቄት ስቆጥር ቆየሁ።

ስለ ዘካርያስ በስልክ ለጠየቁኝ መልስ፦ ገና ነው። ሲሆን እነግርዎታለሁ። ቅባቱን ግን እናቱ ያለማቋረጥ ትልካለች።

ኮከብ


አዳማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኮኬ፣ የእኔ ልጅ፤

መጡ። ደብዳቤሽን ጂቱ ራሷ ከሕፃኗ መጠቅለያ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ገና ይሞቅ ነበር።

ስለ አቀባበሉ ብዙ አልጽፍልሽም፤ ብጽፈው አለቅሳለሁ፣ ቀለሙም ይበላሻል። ይህን ብቻ እወቂ፦ ጋሽ ኑሬ ከሰው ሁሉ ቀድመው በር ላይ ነበሩ። ከሚሰፉበት ወንበር ያለ ሰው ድጋፍ ሲነሡ አይቼ አላውቅም። ጂቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ልጅቷን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ሁላችንም ሕፃኗን ከበብን። መጨረሻ ላይ ማናሴ ነው የበተነን፤ «እኔስ? ማንም ውኃ አይሰጠኝም?» ብሎ።

ኃጢአቴን ተናግሬያለሁ። ጂቱን ወደ ጓዳ ወስጄ «ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ፤ ኢፋ የሚባል የለም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቅ አፈነዳች፤ እስክታለቅስ ሳቀች። «እርስዎ? ሰፈሩ ውስጥ ስንት እግር እንዳለ የሚያውቁት እትዬ ተሻለች?» አለችኝ። ከዚህ በላይ ቅጣት አያስፈልገኝም። ቡና ተራ ላይ ሳይቀር ተወርቶብኛል፤ ባጃጅ ሲያልፍ ልጆቹ «የኢፋን ቤት አሳዩን!» እያሉ ይጮሁብኛል።

ሰይፈሚካኤል ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ታውቂው የለ፣ «በአንድ ቃል ምክንያት ይህ ሁሉ ሥቃይ! ስማቸውን ብትጠሪው ኖሮ በማግስቱ ትገኚ ነበር» አላት። ጂቱ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ኑሬ ናቸው የመለሱለት። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጄ፣ ውኃው ቤት ወሰደ፣ ድልድይ ወሰደ፣ ስልክ ወሰደ። ይህን ግን ከአፏ መውሰድ አልቻለም። አንተ ጉድለት አየህ፤ እኔ የተረፈውን አየሁ» አሉት። ሰይፈሚካኤል ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ፤ በማግስቱ ግን ለሕፃኗ ብርድ ልብስ ላከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በጀት ነው የሚያበላሸው።

ስሙ ትናንት ወጣ። ጋሽ ኑሬ ከዚያ ቀይ ክር ላይ አንድ ዘለላ ቆርጠው በልጅቷ እጅ ላይ አሰሩና «ኢፍቱ» አሉ። የምታበራ ማለት ነው አሉኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ጂቱ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ሁሉ ጊዜ በብርሃን ስም ደብቃ ያዘችኝ። አሁን ቀኑን ሙሉ ትጠራኛለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ውስጥ «ኢፍቱ! ኢፍቱኮ!» ነው፤ ኢፍቱዬ እንደማለት። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ሆነው ሲሰፉ በእያንዳንዱ ጥሪ ፈገግ ይላሉ። ስፌታቸው ተመልሶ ቀጥ ብሏል፤ ከዚህ ጭነት ጀምሮ ታይዋለሽ።

ከዚህ ጋር ዱቄት፣ ክክና ዘይት ይመጣል፤ ወፍጮ ቤቶቹ አሁን ሳልጠይቃቸው ነው የሚልኩት። ድልድዩ ሲሠራ የጂቱ እናት ትሻገራለች ብለው ተስፋ ሰጥተውናል፤ እስከዚያ በየቀኑ በስልክ የልጅቷን ለቅሶ ታዳምጣለች። አንቺም ሥራዬ ማለቂያ የለውም አትበይ፤ እነዚያ ሰዎች ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀን እንደማይቀር እኔ አሁን አይቻለሁ።

ስለዚያ ልጅ «ገና ነው» ብለሻል። ገና የተባለ ነገር አዎ የተባለ ነገር ነው፤ እኔን አታስተምሪኝ።

የሰፈሩን አዲስ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ፦ ግቢያችን ውስጥ «ኑሮ ተወደደ» የሚል ሰው ጠፍቷል። ሁሉም ለጂቱ ሲል «ቀን መግፋት ተወደደ» ነው የሚለው፤ አንዳንዴ እንዲያውም «ቀን መግፋት ዛሬ ትንሽ ረከሰ» የሚል አይጠፋም። እኔም አፌ ለምዶታል። ይኸው «በዓል ሲደርስ ዘካርያስን ይዘሽ ከነእናቱ» ብዬ ልጠራችሁ ብዕሬን አነሣሁና፣ የምጽፈው ቃል ላይ እጄ ቆመ።

ብቅ በሉ።

አክስትሽ ተሻለች